ሩዝ መሃል የተዘፈነ ስድብ

በልጅነቴ እንቅልፍ የሚወስደኝ በስድብ ነበር። ሌላው ልጅ እሹሩሩ እየተባለ ሲያንቀላፋ፣ እኔ ከሩዝ ማሳ ዳር ባረጀ ነጠላ ላይ ተጋድሜ፣ ሴቶች እርስ በርሳቸው በዜማ ሲሰዳደቡ እየሰማሁ ዓይኔ ይከደን ነበር። ፎገራ በነሐሴ መሬት መሆኑን ይረሳል። ርብ ከወዲያ፣ ጉማራ ከወዲህ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ሰማዩ ወርዶ ከእግር ሥር ይሆናል፤ ጠዋት ጠዋት ከጣና በኩል የሚመጣው ጉም ላሙንም ሰዉንም እኩል ይሸፍናል። አራሚዎቹ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ሸብ አድርገው፣ ጎንበስ እንዳሉ ከጉሙ ውስጥ ይወጣሉ፣ ተመልሰው ይገባሉ። ከዳር ሆኜ ሳያቸው የሚራመዱ አይመስለኝም፤ ሜዳው ራሱ ከሥራቸው ቀስ ብሎ የሚያልፍ ይመስለኛል። ድምፃቸው በውሃው ላይ ስለሚመጣ የቅርቡ ሩቅ፣ የሩቁ ቅርብ ይሆንብኝ ነበር። ዛሬም ዝናብ ቆርቆሮዬን ሲመታ ተኝቼ ካደመጥኩ፣ ከዝናቡ ውስጥ ሰው የሚሳደብ ይመስለኛል፤ ያኔ ደስ ብሎኝ እተኛለሁ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እቴቴ እላታለሁ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች፣ ታላቅ እህቷ ወስዳ በላም ወተት አሳደገችኝ። እቴቴ ረጅም ናት፤ ረጅምነቷን አውቃ የምትራመድ ሴት። ወልዳ አታውቅም። ባሏ ጠብቆ ጠብቆ፣ እኔ ዳዴ በምልበት ጊዜ ወደ አንበሳሜ አገር ሄዶ ሌላ አገባና እዚያው ወልዶ ከበደ። ስለ እሱ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ደፍሬ ስጠይቃት “ተነሽ፣ ሩዙን ወፍ እንዳይበላው” ነበር መልሷ፤ ማሳው ላይ አንድ ፍሬ ሩዝ በሌለበት በበጋ ጭምር።

የወንፈሉ ዘፈን አውራጅ ጎረቤታችን ነበረች። ወንፈል ዛሬ ያንቺን፣ ነገ የኔን እየተባባሉ ተባብሮ ማረም ነው፤ ያለ ዘፈን ደግሞ ወገብ አይችለውም። ጎረቤታችንና እቴቴ እኩዮች ናቸው። አብረው አድገው፣ በአንድ ሰሞን ተድረው፣ አጥር ለአጥር ሆነው እሳት ሲጫጫሩ የኖሩ ሴቶች ናቸው። ጎረቤታችን አጭር፣ ድምፀ መረዋ፣ አፏ ግን ልጓም የሌለው ነበረች። ማሳ ውስጥ ከገባች አንዷንም አትምርም። መጀመሪያ እጀ ቀርፋፋዋን ታነሳለች፤ ቀጥላ ባሏ ጠላ ቤት የሚያመሽባትን፤ ቀጥላ ትናንት ወጥ ያሳረረችውን። ሴቶቹ እየሳቁ ይቀበላሉ፣ እጃቸው ግን ከአረሙ አይነሳም። ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ እቴቴ ትዞራለች።

በእኛ ሜዳ ሩዝ የሚመስል አረም አለ። ከሩዙ ጋር እኩል ይበቅላል፣ ቅጠሉም ከሩዙ አይለይም፤ ልምድ የሌለው ሰው ሩዙን ነቅሎ እሱን ይተወዋል። የሚታወቀው ጊዜው ሲደርስ ነው፤ ሩዙ ለአጫጅ ሲቆይ እሱ ፍሬውን ቀድሞ አራግፎ ባዶውን ይቆማል። ጎረቤታችን ይህን ይዛ ነበር የምትመጣው፦

“ውሃውን ጠጥታ ሩዝ መስላ በቀለች፣
ፍሬው ሲጠየቅ ግን አረም ናት ተባለች።”

ይህ የሚዘፈነው ላልወለደች ሴት ነው፤ በዚሁ ምክንያት ባሏ ጥሏት ለሄደባት ሴት። ዛሬ ጽፌ ሳየው ደሜ ይቀዘቅዛል። ያኔ ግን እቴቴ ቀና ትልና፣ ጭቃ በነካው ጣቷ እኔ ወደተኛሁበት እየጠቆመች ትመልስላት ነበር፦

“አረም ነሽ ያልሽኝ ሴት፣ ዓይንሽን ክፈቺ፣
ዳር የተኛችውን ልጄን ተመልከቺ።”

ሴቶቹ በሙሉ ዞር ብለው ያዩኛል። ጎረቤታችን እጅ ትሰጣለች፣ ሳቁ ከውሃው ላይ ወፎቹን ያስነሳል። እኔ ደግሞ የተኛሁ እመስላለሁ። “ልጄን” የምትለውን ቃል ሳልሰማ እንዳልተኛ ስል እንቅልፌን የታገልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ በሌላ ቦታ እንደዚያ አድርጋ አትጠራኝም ነበርና። ቤት ውስጥ “አንቺ ልጅ” ነበርኩ።

ከውሃው ሲወጡ ሥርዓት ነበረው። የሰደበችው የተሰደበችውን እግር ታጥባለች። ከቦዩ ውሃ በእፍኟ እየዘገነች ጭቃውን ከቅልጥሟ ታወርዳለች፤ አልቅት ተጣብቆባት እንደሆነም ነቅላ ትጥላለች። ይህ ሳይሆን ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የተባለው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ መንገድ ላይ መልሳ ያነሳችው ሴት ነውረኛ ትባላለች። አውራጇ ብዙ ሰው ስለምትሰድብ የምታጥበው እግርም ብዙ ነው። የእቴቴን ሁልጊዜ ለመጨረሻ ታቆየዋለች። ሌሎቹ ጓዛቸውን ሰብስበው ሲሄዱ፣ ሁለቱ ከዳር ቁጭ ብለው፣ አንዷ የአንዷን እግር ይዛ፣ ምንም ሳይነጋገሩ ይቆያሉ። እኔ በሁለቱ መሃል ሆኜ የውሃውን ድምፅ እሰማለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰላም የሆንኩበት ቦታ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወረታ ከተማ ውስጥ፣ መንገዱ ወደ ደብረ ታቦር ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ሚሞሪና ፍላሽ ላይ ዘፈን እጭናለሁ፤ ቻርጀርና የስልክ መሸፈኛም እሸጣለሁ። ኢንተርኔት በሚጠፋበት ሰሞን ሥራዬ ይደራል። የባጃጅ ሾፌሩ፣ የሩዝ መፈልፈያው ሠራተኛ፣ ከይፋግ ለገበያ የመጣው ጎረምሳ ሁሉ ሚሞሪውን ይዞ ከደጄ ይቆማል። ስለዚህ የአገሩ ጆሮ ምን እንደሚወድ ቀድማ የምታውቀው እኔ ነኝ፤ የሚወደውም አብዛኛውን ጊዜ ስድብ ነው። ሴቷን በገንዘብ ወዳድነት የሚያማ፣ ባጣው ወንድ የሚያላግጥ፣ አጭሩን፣ ጥቁሯን፣ ባላገሩን የሚዘረጥጥ ዘፈን ሲወጣ ደጄ ሰልፍ ይሆናል። እኔም ጣራ ገዳም ገብቼ ልመንኩስ ያልኩ ሰው አይደለሁም። ምቱ ካማረ ትከሻዬ ፈቃዴን አይጠይቅም፤ ግጥሙን ጆሮዬ ሳይሰማው እጄ ይጭነዋል። ለዓመታት እንዲሁ ኖርን፣ እኔና ስድቡ ሳንነካካ።

አምና ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ደንበኛዬ የሆነ የባጃጅ ሾፌር አዲሱን የፎገራ ዘፈን ጫኚልኝ አለኝ። ከባሕር ዳር የመጣ ሌላ ደንበኛ ፍላሹን ትቶልኝ ስለነበር ፈልጌ አገኘሁትና ለሙከራ ከፈትኩት። ኪቦርድ ገባ፣ ከበሮው ገባ፣ ድምፁ ለስላሳ የሆነ ወጣት ስለ ሜዳው ልምላሜ፣ ስለ ከብቱ ማማር ዘፈነ። እኔ የሾፌሩን ሚሞሪ ከስልኩ እየነቀልኩ ነበር። ከዚያ ሴቶች በአንድ ላይ ተቀበሉ። “ውሃውን ጠጥታ ሩዝ መስላ በቀለች።” እጄ ቆመ። ሱቁ ውስጥ ጉም የገባ መሰለኝ፤ የዚያ ያረጀ ነጠላ ሽታ፣ የእርጥብ ጭቃ ሽታ መጣብኝ፤ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ሆኜ ተጋደምኩ። “ፍሬው ሲጠየቅ ግን አረም ናት ተባለች።” እንደ ልማዴ መልሱን ጠበቅሁ። በመልሱ ፋንታ ሳክስፎን ገባ። ሳክስፎኑ ሲጨርስ እንደገና ስድቡ መጣ፤ እንደገና፤ እስከ መጨረሻው ድረስ እሱ ብቻ። ሾፌሩ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ “ያምራል፣ አይደለም እንዴ?” አለኝ፣ በጣም ደስ ብሎት።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። የጎረቤታችን ልጅ እናቱ ማሳ ላይ ዘፈን ስታወርድ በስልኩ ቀርጾ፣ ዘፋኝ ለሆነ ጓደኛው ልኮለት ኖሯል። ክፋት አልነበረውም። የእናቱ ድምፅ ያምራል፣ ዜማውም ያምራል፤ ሰው ቢሰማው ምን አለበት ብሎ ነው። ጎረቤታችን ራሷ ኩራቷ ልክ አልነበረውም። ስሟ ባይጠራም ቃሏ ከተማ ገባ። ክሊፑንም አየሁት። ብልጭ ብልጭ የሚል ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች በሩዝ ማሳ ዳር፣ ደረቁ ላይ፣ ይጨፍራሉ። አንዷም እግሯን አላራሰችም። እኔን ከሁሉ በላይ ያናደደኝ ይህ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ያኔ ልናገረው አልችልም ነበር።

እቴቴ ዘፈኑን የሰማችው ከእኔ ጋር ነው። ለገበያ መጥታ፣ ወደ መንደር ልሸኛት ባጃጅ ይዘን ነበር። ሾፌሩ ሰው አክባሪ ልጅ ነው፤ ዕቃዋን ተቀብሎ ከኋላ አስቀመጠላት፣ መቀመጫውን በእጁ ጠረገላት። ከከተማው እንደወጣን ሙዚቃውን ከፈተ። የመጀመሪያው ስንኝ ሲመጣ እቴቴ ዞር ብላ ወደ ውጭ አየች፤ ማን እንደሚዘፍን ሜዳው ላይ የምትፈልግ ነበር የሚመስለው። ሁለተኛው ሲመጣ ገባት። ከእኛ ጋር የተሳፈሩት ሁለት ሴቶች እየሳቁ ተቀበሉ። አያውቋትም። በእሷ ላይ የሚስቅ ማንም አልነበረም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ብነግረውም ፊቷን ሳይ ምንም አልረዳኝም። ቀስ ብላ “ልጄ፣ ዝቅ አድርግልኝ” አለችው። ልጁ በመስተዋቱ እያያት ፈገግ አለ። ዘፈኑ እኮ የራሳችን የፎገራ ነው፣ እናቴ፣ ጥሩ አድርገው ያድምጡት ብሎ፣ ደስ ሊያሰኛት ድምፁን ከፍ አደረገው።

እቴቴ ባጃጁን አስቁማ አወረደችን። ከዕቃዋ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመን ባጃጁ እየዘፈነ ወደ ጉሙ ሲገባ አየነው። ካፊያ ነበር። ከግራ ከቀኝ ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ነጫጭ ወፎች መሃሉ ቆመዋል። እኔ እየተናደድኩ፣ ዘፋኙን፣ ሾፌሩን፣ የጎረቤታችንን ልጅ፣ ስልክ የሠራውን ሰው ሳይቀር አንድ በአንድ ረገምኩ። እቴቴ ከፊቴ ትራመዳለች። ብዙ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

“ባጃጁ ውስጥ ወዴት ልጠቁም?”

አጠገቧ ተቀምጬ ነበር እኮ። ክንዴ ክንዷን እየነካ፣ ትልቅ ሴት ሆኜ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ግን እውነቷን ነው፤ ለማን ትጠቁመኝ? ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ ዓይን የለው፣ ዞር ብሎ አያየኝ። ያን ቀን በጣም ነው የከፋኝ። ፍሬ የላትም ተብሎ አገር የሚጨፍርባት ሴት በወተት ያሳደገችኝ እኔ፣ ታዲያ ምንድን ነኝ? ለራሴም እንዳለቀስኩ አልክድም።

ከዚያ በኋላ እቴቴ ወደ ወንፈል መሄድ አቆመች። አልተጣላችም፣ አላኮረፈችም፤ ዛሬ ወገቤን አሞኛል፣ ዛሬ ላሚቱ ትወልዳለች፣ እያለች ቀረች። እሷ ለሰው ካልሄደች ደግሞ ሰው ለእሷ እንዲመጣ አትጠይቅም፤ እንዲህ ያለ ኩራት አለባት። ብቻዋን ጠዋት ወጥታ ትንሽ ታርምና ትመለሳለች። ብቻውን የሚያርም ሰው የአንዱን ጫፍ ሳይጨርስ የሌላው ጫፍ ይበቅልበታል። ለእሑድ ስሄድ ማሳዋን አያለሁ፤ ሩዝና ያ ሩዝ መሳይ አረም ተቃቅፈው ቆመዋል፣ ከሩቅ ሲያዩት ከማንም ማሳ የበለጠ ለምለም ይመስላል። አረሙ ሩዙን ሊበላባት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የእቴቴ የዓመት ቀለብ እሱ ነው። ከእሱ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ማታ ማታ ከአጥሩ ወዲያና ወዲህ የሚሰማው ዝምታ ነበር። እነዚያ ሁለት ሴቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ በአጥር ላይ ሲነጋገሩ ኖረው፣ አሁን አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች።

ዘፋኙን አንድ ጊዜ አገኘሁት። ለሠርግ ወረታ መጥቶ ቻርጀር ሊገዛ ሱቄ ገባ። መልኩን ከክሊፑ አውቀዋለሁ። ለዚያ ቀን ያጠራቀምኩት ስድብ ብዙ ነበር፤ ከጎረቤታችን የወረስኩት አፍ አለኝ። እሱ ግን ትሑት ሆነብኝ። እህቴ ይለኛል፣ ጎንበስ ብሎ ይሰማኛል። ባለጌ ቢሆን ምንኛ በቀለለኝ። ነገሩን ነገርኩት። ማንንም በስም እንዳልጠራ፣ እንዲህ ያለች ሴት መኖሯንም እንዳላወቀ፣ የእናቶቻችንን ዜማ ለማክበር እንደዘፈነው አስረዳኝ። ማን እንደሆነች አለማወቅህ ነው እኮ ነገሩ አልኩት። ማሳ ውስጥ ያለችው ሰዳቢ ማንን እንደምትሰድብ ታውቃለች፤ ፊቷን ታያለች፤ በአንድ ውሃ ውስጥ ቆማለች፤ መልሱ እስኪመጣ ትጠብቃለች፤ አንተ ስድቡን ለማን እንደወረወርከው ሳታውቅ ሄድክ፣ እሱም በየመንገዱ ባለቤቱን እየፈለገ ይዞራል። ይህን ያህል ተናገርኩና የእቴቴን መልስ አዜምኩለት። ድምፄ አያምርም፣ ግን አዜምኩት። በጣቱ የባንኮኒውን መስታወት እየመታ ሰማኝ፤ እውነት ቆንጆ ነው አለ። ቢያስገባው ምን አለበት ብዬ ለመንኩት። ትንሽ አሰበና፣ ሰው የሚጨፍረው ስድቡ ላይ ነው፣ መልሱ ሲመጣ ጭፈራው ይበርዳል አለኝ። ያለው ልክ እንደሆነ ሙያዬ ነግሮኛል። ቻርጀሩን ሰጠሁት።

እኔም ዘፈኑን ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት። ጀግንነት መስሎኝ ነበር። ደንበኞቼ የለም ስላቸው ትንሽ ተገርመው፣ ሁለት ሱቅ አልፈው አስጭነው፣ በደጄ እያዘፈኑ ይመለሳሉ። ዘፈኑ አልቀነሰም፤ የቀነሰው የኔ ገበያ ነው።

ለጎረቤታችን የነገርኳት እኔ ነኝ። ስለ ባጃጁ ነገርኳት። እህል ስታበጥር ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ገባች። እኔም ሄድኩ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ እቴቴ ሱቄ ውስጥ ዱካ ላይ አረፍ ብላ ሳለ፣ ጎረቤታችን ቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ደጁ ላይ ብቅ አለች። ላቧ ይወርዳል። ከመንደር ድረስ በእግሯ ነው የመጣችው። ጀሪካኑን አውርዳ ስትከፍተው ውሃው የማሳ ውሃ ነው፤ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ከቦዩ ቀድታ አምጥታዋለች። ቃሉ ከተማ ከገባ ውሃውም ከተማ መግባት አለበት ብላ አስባ ነው። በዚህ አገር ውሃ የሚያጣ ቤት የለም፣ ሱቄ ጓሮም ቧንቧ አለ፤ እሷ ግን በቧንቧ ውሃ የሚሆን ነገር አልመሰላትም። ተንበረከከችና “እግርሽን ስጪኝ” አለቻት።

ከጎን ካለው ሱቅ ሞንታርቦው ያንኑ ዘፈን ይጮኻል። አላፊ አግዳሚው ቆም ቆም ይላል። አንዲት ባልቴት በአንዲት ባልቴት እግር ሥር፣ ከጀሪካን ጋር። እቴቴ እግሯን ወደ ቀሚሷ ውስጥ ሰበሰበች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ርኅራኄ ነበር፣ እሱ ደግሞ ይብስ ነበር።

“በዚህ ውሃ የሚጠራው ያንቺ ብቻ ነው” አለቻት። “ያንቺማ ያኔውኑ ጠርቷል። የዚህን ሁሉ ሰው ማን ያጥብልኝ?”

ጎረቤታችን ተነሳች። ጉልበቷ ላይ አቧራ ነበር፣ አላራገፈችውም። ጀሪካኑን ትታው ሄደች። ውሃው ሱቄ ውስጥ ሰነበተ፤ ጭቃው ከታች ዘቅጦ ከላይ ጥርት አለ። ልደፋው አልቻልኩም፣ ልጠቀምበትም አልቻልኩም፤ ደንበኛ ሲገባ በእግሬ ገፋ አደርገዋለሁ። ያን ሰሞን እነዚህ ሁለት ሴቶች ሳይታረቁ አንዷ ልትሞት ትችላለች የሚለው ሐሳብ ከእንቅልፌ ያባንነኝ ነበር። ተጣልተው ቢሆን ሽማግሌ ይላክ፤ ያልተጣላ ሰው በምን ይታረቃል?

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ሴቶቹ እቴቴን ሳይጠይቁ ማሳዋ ላይ ወጡ። ከዚህ በላይ ከቆየ ሩዙ አይተርፍም ተባብለው ነው። ሱቄን ዘግቼ እኔም ሄድኩ። ስደርስ ጉሙ ገና አልተነሳም ነበር፤ አራሚዎቹ እስከ ወገባቸው የሉም፣ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ስልካቸውን ሁሉም ቤታቸው ትተው መጥተዋል፤ ማንም አላዘዛቸውም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው ከላይ ለብ ያለ፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነው። እቴቴ ከመሃል ነበረች፣ ጎረቤታችን ከጎኗ። ቦታቸው ድሮም እንዲሁ ነው፤ እግራቸው በልማድ ይዟቸው ሄዷል መሰለኝ።

የሚዘፍን አልነበረም። ማሳ ውስጥ ያለ ዘፈን ቆሜ አላውቅም ነበር፤ እንዲህ መሆኑን አላውቅም። ሥር ሲነቀል ይሰማል። ውሃው ሲዘጋ ይሰማል። የሰው ትንፋሽ ይሰማል። ከሩቅ፣ አስፋልቱ ላይ፣ የባጃጅ ሙዚቃ ይመጣና ይጠፋል፤ ያኔ ሁሉም አንገታቸውን የበለጠ ይደፋሉ። እጀ ቀርፋፋዋን ማንም አይነካትም። ወጥ ያሳረረችውን ማንም አያነሳም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው እንደ እንግዳ ይተዛዘኑ ነበር፤ እለፊ፣ አይ አንቺ እለፊ። በዚያ ትሕትና ውስጥ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ጎረቤታችን አንድ ሁለት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠርጋ ዝም አለች። የእቴቴ እጅ አረሙን ከሩዙ እየለየ ይሄዳል፣ አይሳሳትም።

ፀሐይዋ ጉሙን ስትገልጠው እቴቴ ቀና አለች። ቁመቷ ከሁላችንም በላይ ወጣ። ጎረቤታችንን ከላይ ወደ ታች አየቻት።

“ስደቢኝ እንጂ” አለቻት።

ሁሉም እጁን አቆመ። ጎረቤታችን ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ከእንግዲህ ያቺን ቃል ባፌ አልጠራትም፣ ምላሴ ይቆረጥ አለች፤ ድምፅዋ ለመሬቱ ነበር።

እቴቴ እጇን ውሃው ውስጥ አለቀለቀችና ትከሻዋን ይዛ ቀና አደረገቻት። “ባሌ የሄደ ዓመት አገሩ ሁሉ አዝኖልኝ ዝም ሲለኝ፣ ሳልፍ ወሬ ሲያቆምልኝ፣ ፊት ለፊት የሰደብሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ለቀብር አልሄድ፣ ገበያ አልወጣ፣ ቤት ዘግቼ የተቀመጥኩትን ሴትዮ ከቤት ያወጣት ያንቺ ስድብ ነው። ለመመለስ ስል ነው የተነሳሁት። አሁን አንቺም ዝም ካልሽኝ፣ በየባጃጁ የሚዘፍኑብኝ የእውነታቸውን ነው ማለት ነው።”

እንዲህ ረጅም ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ስለ ሄደው ሰውም ስታነሳ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤታችን ጭቃውን ከእጇ ላይ አራገፈች። ዓይኗ ፈልጎ ፈልጎ ከእቴቴ ረጅም እግር ላይ አረፈ፤ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ገና ከእኛ ወገብ የሚደርስ መሆኑን አየችና፣ ልጇ ሽመላ አግብቶባት፣ ዳክዬ የምራቷን ቁመት አይታ አዝናለች ብላ ጀመረች። ግጥሙ ቤት አልመታም፣ ዜማውም መሃሉ ላይ ተሰበረ። ሆኖም ሰደበቻት፣ እኛም ተቀበልን።